እንከን ፈላጊው

ከደብረ ዘይት መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ቃሊቲ፣ ለኮምፔልሳቶ ሠሪዎች ኮላ የሚያመርት ፋብሪካ ነበር። በደርግ ጊዜ የመንግሥት ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ጨረታ ወጣበትና አቶ ሙህዲን የሚባሉ የስልጤ ነጋዴ ገዙት። አቶ ሙህዲን ኮላን የሚያውቁት በቆርቆሮ ታሽጎ መርካቶ ከደረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ፋብሪካውን ሲገዙ በዛብህንም አብረው የገዙት ያህል ነበር፤ ያለ እሱ ምንም አይንቀሳቀስም።

በዛብህ ኬሚስት ነው፤ የምርት ክፍል ኃላፊ። ኮላው የሚሠራበትን ሪአክተር ሠራተኛው «ድስት» ይለዋል፤ ያንን ድስት፣ መለዋወጫ በጠፋበት ዘመን፣ ከሌላ ፋብሪካ ከተጣለ የብረት ጋን አስቆርጦና አስበይዶ የሠራው እሱ ነው። «የበዛብህ ድስት» ሲባል ይሰማል፤ አልሰማሁም ብሎ ያልፋል፤ ግን ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለው ይውላል።

ኮላው ፌኖልና ፎርማሊን ከሚባሉ ሁለት ኬሚካሎች ይበስላል። ሁለቱ ሲገናኙ እሳት ባይነድባቸውም ራሳቸው ይሞቃሉ። ሙቀቱ በጊዜው ካልተወሰደላቸው ሙቀት ሙቀትን እየጠራ ድስቱ ይገነፍላል፣ ከባሰም ይፈነዳል። በዛብህ ይህን ስለሚፈራ ድስቱን ከግማሽ በላይ አስሞልቶ አያውቅም። በቀን አንዴ ብቻ ያስበስላል። ቀርፋፋ ነው ይሉታል፤ ግን በእሱ ድስት የተቃጠለ ሰው የለም።

ከሚሊኒየሙ ወዲህ ከተማው ሁሉ ግንባታ ሆነ። ለኮንዶሚኒየሙ በር፣ ለአዲሱ ቢሮ ግድግዳ፣ ለሙሽራ ቁም ሣጥን ኮምፔልሳቶ ይፈለጋል፤ ኮምፔልሳቶ ደግሞ ያለ ኮላ አይሠራም። ደንበኞች ወረፋው ሲሰለቻቸው ከውጭ ወደሚገባው ኮላ ዞር ማለት ጀመሩ። አቶ ሙህዲን አዲስ ትልቅ ድስት ለማሠራት ወሰኑ። በዛብህ ሥራው የእሱ ለመሆኑ አልተጠራጠረም። ለሚስቱ ለአሰጋሽ ነገራት፤ አሰጋሽም ለእድር ጓደኞቿ ነገረች።

አንድ ሰኞ አቶ ሙህዲን የክፍል ኃላፊዎችን ሰበሰቡና አጠገባቸው የተቀመጠችውን ወጣት ሴት አስተዋወቁ።

«ኢንጂነር ዮዲት ትባላለች። ህንድ አገር ማስትሬቷን ሠርታ ነው የመጣችው። አዲሱን ድስት የምትሠራልን እሷ ናት። በዛብህ፣ አንተ ታግዛታለህ።»

ልጅቷ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ጎንበስ ብላ ጨበጠችው። «ዮዲ ይበሉኝ፤ የሳሪስ ልጅ ነኝ። ስለ እርስዎ ድስት ብዙ ሰምቻለሁ፣ ጋሼ በዛብህ።»

በዛብህ ፈገግ አለ። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ግን አንድ ነገር ደረቱ ውስጥ ገባ። «ኢንጂነር» የሚለው ቃል ነው። እሱ ዕድሜውን በዚያ ግቢ ጨርሶም «አቶ በዛብህ» ነው፤ እሷ ገና ወንበሩ ሳይሞቅላት ኢንጂነር ሆነች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያየው ነገር ሁሉ እሷን የሚመለከት ሆነበት። ድሮ ድስቱ ጠረኑ ሲለወጥ ወደ እሱ የሚሮጡት ሠራተኞች፣ አሁን እሷ ያወጣችውን ትልቅ የንድፍ ወረቀት ከበው ይቆማሉ። እሷ ስትስቅ እነሱም ይስቃሉ። አቶ ሙህዲን ሲያልፉ «ኢንጂነር፣ ደህና አደርሽ?» ይላሉ፤ ወደ እሱ ሲዞሩ «ፎርማሊኑ ደረሰ እንዴ?» ነው የሚሉት። የድስቱ ተቆጣጣሪ ሮሪሳ እንኳ፣ በዛብህ ራሱ አስተምሮ ለወግ ያበቃው ሮሪሳ፣ አዲሱን ድስት እንዲይዝ ስለተመረጠ የምሳ ሰዓቱን እሷ ዘንድ ማሳለፍ ያዘ።

የንድፉ ስብሰባ በየሐሙሱ ይደረግ ነበር። በዛብህ በእያንዳንዱ ስብሰባ ላይ እጁን ያነሣል። መጀመሪያ ያነሣው ነገር ቁም ነገር ነበር።

«ድስት ሲያድግ፣» አለ፣ «ሆዱ ከቆዳው ይልቅ ያድጋል። ሙቀቱ የሚፈጠረው በሆዱ ነው፤ የሚወጣው ግን በቆዳው ነው። እኔ ትንሹን ድስት በግማሽ የማበስለው ሰንፌ አይደለም። ይቺ ልጅ ይሄን የሚያህል ሆድ ሠርታ ሙቀቱን በየት ልታስወጣው ነው?»

አቶ ሙህዲን ወደ ዮዲ ዞሩ። እሷ ግን ጥያቄውን ስትጠብቀው እንደነበረ ሰው ፊቷ በራ።

«ልክ ነዎት፣ ጋሼ። ለዚህ ነው ፎርማሊኑን ባንዴ የማናፈሰው። ፌኖሉን እናስገባለን፤ ፎርማሊኑን ከላይ ከሚቀመጠው ጋን በጥቂት በጥቂቱ እናወርደዋለን። የወረደውን ማማሰያው ያዋህደዋል፣ ወዲያው ይበስላል፣ ሙቀቱን የማቀዝቀዣው ውሃ ይወስደዋል፣ ከዚያ ሌላው ይወርዳል። እንጨቱን አንድ አንድ እያደረጉ እሳቱን እንደ መቆጣጠር ነው። ስለዚህ ድስቱን ሞልተን፣ በቀን ሁለት ጊዜ ማብሰል እንችላለን።»

ሮሪሳ «ወይ ጉድ!» አለ ሳያስበው። ሌሎቹም በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። በዛብህን ያቃጠለው የሰዎቹ አድናቆት አልነበረም። ያቃጠለው መልሱ ትክክል መሆኑ ነው። ቀላል ነው፤ ንጹሕ ነው፤ እንዲያውም ከእሱ አሠራር የተሻለ ጥንቃቄ ያለበት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት አጠገቡ ተኝቶ የነበረን ሐሳብ እሷ ጎንበስ ብላ አነሣችው።

ከዚያ ወዲያ ቁም ነገሩ እያለቀ፣ እጁ ግን መነሣቱን አላቆመም። የቧንቧዎቹ ቀለም ሠራተኛ ያደናግራል አለ። የብረት ደረጃው ጠባብ ነው አለ። የክፍሉ በር ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ መከፈት አለበት አለ፤ ዮዲ ንድፉን ስታሳየው በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ነበር። ቴርሞሜትሩ የህንድ ነው አለ፤ የአሮጌውም ድስት ቴርሞሜትር የህንድ መሆኑን ሮሪሳ አስታወሰውና ቤቱ በሣቅ ፈረሰ።

አቶ ሙህዲን አልሣቁም። «ስማ በዛብህ፣» አሉት፣ «ገበያ ላይ ሁሉን ዕቃ እያነሣ 'ይሄ ይሸታል፣ ያ ተቀድዷል' የሚል ሰው አለ። መጨረሻ ላይ ምንም አይገዛም። ባለ ሱቁም አይሰማውም።»

የበዛብህ ቤት አቃቂ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አሰጋሽ ስንዴ ልታስፈጭ ሄዳ ስለነበር ጆንያውን ሊሸከምላት ወፍጮ ቤት ተከትሏት ሄደ። ጊዜው መብራት በፈረቃ የሆነበት ጊዜ ነው፤ ሰው ሁሉ ሳይጠፋበት ለማስፈጨት ይጣደፋል። የአሰጋሽ ስንዴ ገና ግማሹ ሳይፈጭ መብራቱ ሄደ። የወፍጮው ጩኸት እየወረደ እየወረደ መጥቶ ቆመ። ስንዴው ግን ከላይ ካለው የቆርቆሮ ቋት መውረዱን አላቆመም፤ ወደ ቆመው ድንጋይ ጉሮሮ ይንሿሿ ነበር። የወፍጮ ቤቷ ባለቤት ዳሲቱ ከሰው ጋር እያወራች፣ እንዲያው በልማድ፣ እጇን ሰዳ የቋቱን መዝጊያ ገፋችው።

«ለምን ዘጋሽው?» አላት በዛብህ።

«ታዲያ ልተወው? መብራቱ ሲመጣ ሁሉንም ባንዴ ላጉርሰው?»

በዛብህ እንደ ቆመ ቀረ። የዮዲን ንድፍ መስመሩን ሳይቀር በቃሉ ያውቀዋል፤ እንከን ሲፈልግ ስንት ጊዜ አይቶታል። የፎርማሊኑ ጋን ከላይ ነው። ፎርማሊኑ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው። የቧንቧው መክፈቻና መዝጊያ፣ ቫልቩ፣ መብራት ሲጠፋ በተከፈተበት ይቀራል። መብራት ሲጠፋ የማቀዝቀዣው ውሃ ፓምፕ ይቆማል፤ ማማሰያውም ይቆማል። ፎርማሊኑ ግን መውረዱን ይቀጥላል። የሚያማስለው ስለሌለ ከላይ እየተጠራቀመ፣ ሳይበስል፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ቴርሞሜትሩ ምንም አያሳይም። ከዚያ ጄኔሬተሩ ይነሣል ወይም መብራት ይመጣል፤ ማማሰያው ይዞራል፤ የተጠራቀመው ሁሉ ባንዴ ከፌኖሉ ጋር ይገናኛል። በጥቂት በጥቂቱ ሊነድድ የነበረው እንጨት ሁሉ በአንዴ ይቀጣጠላል። የሚያስፈራው መብራቱ የሚጠፋበት ጊዜ አይደለም፤ የሚመጣበት ነው።

ጆንያው ላይ ተቀመጠና ሣቀ።

«ምን ሆንክ አንተ?» አለች አሰጋሽ።

«አገኘኋት!»

«ማንን?»

«ዮዲን። ኢንጂነሯን። ይህችን የህንድ ምሩቅ!» ነገሩን እስከ መጨረሻው፣ እጁን እያወናጨፈ ነገራት። አሰጋሽ ሰምታ ስትጨርስ ፊቷ እንደ እሱ አልበራም።

«እና ይሄ ሰው ይገድላል?»

«እንዴታ! ሊገድል ይችላል እንጂ!»

«ታዲያ ምን ያስቅሃል?» ነጠላዋን አስተካከለች። «በዛብህ፣ ቀንተሃል። ለሰው ነፍስ የሚያስብ ሰው እንዲህ አይሥቅም።»

ተቆጥቶ ተነሣ። ስለ ሥራው ምን ታውቃለች? ሰኞ ፋብሪካ ሲገባ ዮዲ ከበሩ አጠገብ ሰላም አለችው፤ አልነገራትም። ማክሰኞም አልነገራትም። የዚያ ሐሙስ ስብሰባ ላይ ትልልቆቹ ደንበኞች፣ የኮምፔልሳቶ ፋብሪካ ባለቤቶች፣ ንድፉንና የሚተከለውን ድስት ሊያዩ ይመጣሉ። እዚያ ላይ፣ በእነሱ ፊት ሊያወጣው አሰበ። የልጅቷ ፊት ሲለዋወጥ ገና ሳያየው ይታየው ነበር።

ሐሙስ ዕለት ዮዲ ገለጻዋን ስትጨርስ ተነሣ።

«እኔ የምለው፣» አለ፣ «ህንድ አገር መብራት አይጠፋም ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን ይጠፋል። ኢንጂነሯን ይሄን ያስተማሯት አይመስለኝም።»

እንግዶቹ ተያዩ። የዮዲ ጆሮዎች ቀሉ። «ጋሼ፣ ጄኔሬተር አለን እኮ። እሱን አስበንበታል» አለች።

«ጄኔሬተር! ወፍጮ ቤት ሄደሽ ብታዪ ...»

«በቃ!» አሉ አቶ ሙህዲን። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ቀለሙ፣ ደረጃው፣ በሩ፣ አሁን ደግሞ ወፍጮ ቤት። በእንግዳ ፊት! ተቀመጥ፣ በዛብህ።»

ተቀመጠ። ስለ ማማሰያው፣ ከላይ ስለሚጠራቀመው ፎርማሊን አንድ ቃል ሳይናገር ስብሰባው ተዘጋ።

ሲወጡ ሮሪሳ ከኋላው ደረሰበት። «ጋሼ፣ ይተዋት እንጂ። ልጅቷ ምን አደረገችዎት?»

«አንተ ነህ እዚያ የምትቆመው፣ ሮሪሳ። አንተ! ያ ድስት መብራት ሲጠፋበት አደገኛ ነው።»

ሮሪሳ ቆመ። በቅንነት ነበር የተናገረው፤ ስድብ አልነበረበትም። «ቀለሙም አደገኛ ነው ብለዋል። ቴርሞሜትሩም እንደዚያው። የቱን ልመን?»

ሮሪሳ ባለፈው ዓመት ነው የወለደው፤ ልጁን ክርስትና ያነሣውም በዛብህ ራሱ ነው። ወደ ቢሮው ሄዶ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። መጀመሪያ አሁንም ስለ ራሱ ነበር የሚያስበው፦ ይፈንዳና ይዩት፤ ያኔ «በዛብህ ብሎ ነበር» ይላሉ። ይህን ሲያስብ በድስቱ አጠገብ የቆመው ሮሪሳ ታየው። ራሱን ፈራው። ሰው ልክ መሆኑ እንዲታወቅለት ብሎ ምን ሊመኝ እንደሚችል ያን ቀን አወቀ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ አዲሱ ድስት ወደሚተከልበት ሕንፃ ሄደ። ድስቱ ቆሟል፤ ቧንቧዎቹ ገና መገጠም መጨረሳቸው ነው። ዮዲ ብቻዋን የብረት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ምሳዋን ትበላለች። ስታየው የምሳ ዕቃዋን ከደነች።

«ዛሬ ደግሞ ምኑ ነው፣ ጋሼ?»

«ብይ፣ ብይ።» ወንበር ፈለገ፤ ስለሌለ ቆመ። «ዮዲ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ ነው የመጣሁት። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ነገር መናገር አለብኝ፤ አለበለዚያ አታምኚኝም። ቀለሙን ያልኩት ቀንቼ ነው። ደረጃውንም፣ በሩንም፣ ቴርሞሜትሩንም። ቀንቼብሽ ነው።»

ዮዲ አየችው። የጠበቀው «ኧረ ምንም አይደል ጋሼ» እንድትለው ነበር። አላለችም።

«በእንግዶቹ ፊትስ?» አለች።

«እሱም።»

«ትናንት ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። እናቴ ሥራውን ተዪው አለችኝ።» የምሳ ዕቃዋን ወደ ጎን ገፋች። «እርስዎ በምን ይቀኑብኛል? ሮሪሳ እኮ አዲሱን ድስት እያስተማርኩት፣ አንድ ነገር ሲጠራጠር የሚያየው ወደ እርስዎ ቢሮ መስኮት ነው። ወደ እኔ አይደለም። እኔ እዚህ ግቢ ማስትሬቴን ይዤ እንግዳ ነኝ። እኔም እኮ እቀናለሁ።»

ይህን በዛብህ አልጠበቀም። ትንሽ ደስታ ልቡን ነካካውና አፈረበት።

«ትናንት ያነሣሁት ግን ቅናት አይደለም» አለ። ወዲያው ራሱን አረመ፦ «ያገኘሁት በቅናት ነው። ነገሩ ግን እውነት ነው።» ከዚያ ስለ ወፍጮው፣ ስለ ቋቱ፣ ማማሰያው ሲቆም ከላይ ስለሚጠራቀመው ፎርማሊን ቀስ ብሎ፣ ያለ ሽሙጥ ነገራት።

ዮዲ ወደ ላይኛው ጋን ቀና ብላ አየች። ከዚያ «ጄኔሬተሩ ...» ብላ ጀመረች።

«ጄኔሬተሩን የሚያስነሣው ሁንዴ ነው። ሁንዴ ምሳ ላይ ቢሆንስ? ደግሞስ ጄኔሬተሩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያዞረው ምንድን ነው?»

«ማማሰያውን» አለች ዮዲ በቀስታ።

«ልሳሳት እችላለሁ። በውሃ እንሞክረው።»

ድስቱ ውስጥ በፌኖሉ ልክ ውሃ ጨመሩ። ከላይ ያለውንም ጋን በውሃ ሞልተው፣ በርሜል ለመለየት የሚጠቀሙበትን ቀይ ቀለም በጠበጡበት። ሮሪሳ ተጠርቶ መጣ፤ ሁለቱን አብረው ሲያይ ግራ ገባው። ማማሰያው ተነሣ፤ ቫልቩ ተከፈተ፤ ቀዩ ውሃ እየወረደ በድስቱ ውስጥ እየተበተነ ጠፋ። ሁሉም እንደታሰበው ሲሄድ በዛብህ ዋናውን ማጥፊያ ወደ ታች ሳበ።

ማማሰያው ቆመ። ፓምፑ ቆመ። ቀዩ ውሃ ብቻ ጭል ጭል እያለ መውረዱን ቀጠለ። በድስቱ ጎን ባለው የመስተዋት መስኮት ሲያዩት ታችኛው ውሃ እንደ ጠራ ነው፤ ላይኛው ግን እየቀላ፣ እየጠቆረ መጣ። ሁንዴ ከግቢው ማዶ ሮጦ ደርሶ ጄኔሬተሩን እስኪያስነሣ ጠበቁ። ማማሰያው አንድ ሁለቴ እንደ ዞረ መስተዋቱ ሙሉ ለሙሉ ደም መሰለ።

ሮሪሳ ሳያውቀው ወደ ኋላ ተራመደ። ዮዲ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በዛብህ ወደ እሷ ሲያይ፣ ያን ሁሉ ቀን ሊያየው የጓጓለትን ፊት አየ። ደስ አላለውም። ወደ መሬት አቀረቀረ።

አቶ ሙህዲን ምርቃቱን ቀጥረው፣ እንግዳ ጠርተው ነበር። ዮዲ ገብታ «ማዘግየት አለብን» ስትላቸው መቁጠሪያቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት።

«ለምን?»

«ንድፌ ላይ ስህተት አለ። መብራት ሲጠፋ ራሱን የሚዘጋ፣ በስፕሪንግ የሚሠራ ቫልቭ እንፈልጋለን። የማቀዝቀዣ ውሃም ያለ ፓምፕ እንዲወርድ ጣሪያው ላይ ጋን መቀመጥ አለበት። ፎርማሊኑንም ካሰብኩት ቀስ አድርገን ማውረድ አለብን። ስለዚህ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ማብሰል አይሆንልንም።»

«ስንት ይሆናል?»

«በሁለት ቀን ሦስት።»

አቶ ሙህዲን ተነፈሱ። «ለደንበኞቼ ሁለት ብዬ ተናግሬያለሁ፣ ኢንጂነር! ቃሌን ሰጥቻለሁ!»

«እኔ ነኝ የዋሸሁዎት። ግን የሚቆመው ሮሪሳ ነው።»

«ማን አገኘው ይሄን ስህተት?»

«ጋሼ በዛብህ።»

አቶ ሙህዲን በሩ አጠገብ የቆመውን በዛብህን አይተው በንዴት ሣቁ። «እሱማ ሲፈልግ ነበር!»

«አዎ፣» አለች ዮዲ፣ «እሳቸው ሲፈልጉ ነበር። እኔ አልፈለግኩም።»

በዛብህ ይህን ንግግር ምን ብሎ እንደሚቀበለው አላወቀም። ውዳሴም ነው፤ ወቀሳም ነው። አቶ ሙህዲን ሁለቱን እያፈራረቁ ሲያዩ ቆዩና መቁጠሪያቸውን አነሡ። «አላህ ይሁናችሁ። ሥሩ» አሉ።

ምርቃቱ ከክረምቱ በፊት ተደረገ። ድንኳን ተጣለ፤ ለስላሳ ተከፈተ፤ የክፍለ ከተማው ሰው ሪባን ቆረጠ። ፎቶ አንሺው ዮዲን ከድስቱ ፊት አቁሞ ደጋግሞ አነሣት። አቶ ሙህዲን በንግግራቸው «የኢትዮጵያ ልጅ፣ የሳሪስ ልጅ የሠራችው!» ሲሉ ጭብጨባው ጣሪያውን አናወጠው። በዛብህ ከኋላ፣ ከለስላሳው ሳጥን አጠገብ ቆሞ አጨበጨበ። ያ ነገር እዚያው ደረቱ ውስጥ ነበር፤ አልሄደም። ቫልቩን ማንም አላነሣውም። ለምን ያነሣሉ? የሚዘጋ ቫልቭ በምርቃት ላይ አይታይም። ዮዲ ማይክራፎኑን ስትቀበል ስሙን ጠራች፤ ሰውም ዞሮ አጨበጨበለት። ይሄኛው ደግሞ ካለመጠራት ይበልጥ ከበደው። የቀናበት ሰው ከማዕዱ ቆርሶ ሲያጎርሰው ጉሮሮው ላይ እንደሚቆም እንጀራ ሆነበት። ቤቱ ገብቶ ይህንኑ ለአሰጋሽ ነገራት። እሷም «ቢሆንም ዋጠው» አለችው።

ሐምሌ ውስጥ፣ ረፋዱ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ መብራት ሄደ። ፌኖሉ ገብቷል፤ ፎርማሊኑ እየወረደ ነበር። በዛብህ ከቢሮው በዝናቡ ውስጥ እየሮጠ ሲደርስ ዮዲ ቀድማው ደርሳለች፤ ሮሪሳ ድስቱ አጠገብ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። ቫልቩ ተዘግቷል። ከጣሪያው ጋን ውሃው በራሱ እየወረደ በማቀዝቀዣው ቧንቧ ውስጥ ሲሄድ ይሰማል። ቴርሞሜትሩ ትንሽ ወጣ፤ ቆመ፤ መውረድ ጀመረ። ሁንዴ ጄኔሬተሩን እስኪያስነሣ ሦስቱም ቴርሞሜትሩን እያዩ ጠበቁ። ምንም አልሆነም።

«ይኸው ነው?» አለ ሮሪሳ።

«ይኸው ነው» አለው በዛብህ።

ሮሪሳ ሥራውን ቀጠለ። ያን ቀን በፋብሪካው ውስጥ ሌላ ወሬ አልተነሣም፤ አቶ ሙህዲን መብራት መጥፋቱንም አልሰሙም። ዮዲና በዛብህ ግን ዝናቡ እስኪያባራ በሩ ሥር ቆሙ።

ኮላው በዓመቱ ውስጥ ወረፋውን አቃለለው። ከሄዱት ደንበኞች ገሚሶቹ ተመለሱ፤ ገሚሶቹ ሳይመለሱ ቀሩ። ዮዲ ሁለተኛ ድስት እንድትነድፍ ተባለች። በዚህኛው ዙር የንድፍ ስብሰባ ከመጠራቱ በፊት ወረቀቱን ጠቅልላ ወደ በዛብህ ቢሮ ገባች።

«ይፈልጉልኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ስህተቱን። እንደዚያ ጊዜው አድርገው። ሳይራሩልኝ።»

በዛብህ ሣቀ። «ቅናቴ ለቆኝ ቢሆንስ? ያኔ ምን ይውጥሻል?»

«ለቀቀዎት እንዴ?»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ጫፎቹን በመዳፉ ተጫነ። ድስቱ ከመጀመሪያው ያነሰ ነው፤ ማቀዝቀዣው ሰፍቷል፤ የፎርማሊኑ ጋን ከላይ ወርዶ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ መብራት ከሌለ ወደ ድስቱ የሚሄድበት መንገድ የለም። በዛብህ ሊያስብ የሚችለውን ሁሉ አስባበታለች፤ ከዚያም በላይ። የድሮው ነገር ደረቱ ውስጥ ተንቀሳቀሰ።

«አለቀቀኝም» አላት።

«እንግዲያው ደህና» አለች ዮዲ፤ ወንበር ስባም ከጎኑ ተቀመጠች። በዛብህ መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጠረገው፣ መልሶ አደረገና ከመጀመሪያው ቧንቧ ጀመረ።